«ፎርማት ላድርገው?» ሲለን ምን እንመልስ?

በሃሊሳ ሰፈር ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የወጣቶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዲስክ-ኦን-ኪ ወይም የውጭ ዲስክ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ «ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ልጆቻችን በዕብራይስጥ ለፈርሜት የሚሉት ነው። እሺ ከተባለ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፎርማቱን መጨረስ አልተቻለም» የሚል ሌላ ጽሑፍ ይከተላል። በዚህን ጊዜ አንዱ ተናዶ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ይጫናል፤ ሌላው ነቅሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። እኛ የምንለው ሁለቱም አያዋጡም ነው። ጽሑፉ ምን እያለ እንደሆነ ማወቅና ከሁሉ በፊት ደግሞ ውስጡ ምን እንደነበረ መጠየቅ ይገባል።

ጉዳዩ በሌላው ቤት ካለው ይልቅ በእኛ ቤት ለምን ይከብዳል? እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ የመጣው ወገናችን ከሱዳን በረሃ ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻም ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ንብረቱን ትቶ ነው። የሠርግ አልበም፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ የቤተሰብ ወረቀት የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ የእኛ የቤተሰብ መዝገብ በአብዛኛው የተሠራው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ልጆች አያቶቻቸውን ስለ ሱዳን መንገድ እየጠየቁ የቀዱት ካሴት አለ። በ1990ዎቹ የተነሣ የሠርግና የበዓል ቪዲዮ አለ። ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ የተቀዳ ድምፅ አለ። በ1991 የ40 ዓመት ሰው ሆኖ የመጣ ወገናችን ዛሬ 70ን አልፏል። ብዙዎቹ ደግሞ አርፈዋል። የእነርሱ ድምፅ ዛሬ በጣት በምታክል ነገር ውስጥ፣ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከጠፋ ተመልሶ የሚቀዳ አይደለም።

በ1973 አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ አምቦበር ድረስ መጥታ የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀድታለች፤ ከዚያም ሥራ መጽሐፍ ወጥቷል። የምሁራን ቅጂ የሚጠብቀው ተቋም አለው። የእናንተ አባት በሳሎናችሁ ተቀምጠው የተናገሩትን ግን የምትጠብቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የፋይል ሥርዓት ማለት ምንድን ነው?

ዲስክ ብዙ ሚሊዮን ትናንሽ ሣጥኖች የተደረደሩበት መጋዘን ማለት ነው። ሣጥኖቹ ብቻቸውን ምንም አይነግሩንም። የትኛው ሣጥን የየትኛው ፎቶግራፍ እንደሆነ፣ ፋይሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኛውም ሣጥን ባዶ እንደሆነ የሚነግር መዝገብ ያስፈልጋል። ይህ መዝገብ ነው የፋይል ሥርዓት የሚባለው። መዝገቡም በዲስኩ ላይ ነው የሚጻፈው። ፎርማት ማድረግ ማለት ደግሞ አዲስና ባዶ መዝገብ መክፈት ማለት ነው።

የመዝገቡ ዓይነት ብዙ ነው። ፋት የተባለው አሮጌው ሲሆን መነሻው 1977 ነው። ማይክሮሶፍት በ1993 ኤንቲኤፍኤስን፣ በ2006 ደግሞ ኤክስፋትን አመጣ። አፕል የራሱ አለው፣ ሊኑክስም የራሱ አለው። በመዝገቡና በመጋዘኑ መካከል ደግሞ ፓርቲሽን የሚባል የወሰን ክፍፍል አለ፤ ዲስኩ ከየት እስከ የት ለምን ተብሎ እንደተከፈለ የሚናገር ነው።

በዚህ አገር ይህችን ትንሽ መሣሪያ ሁላችንም ዲስክ-ኦን-ኪ የምንላት በአጋጣሚ አይደለም። ስሟ በክፋር ሳባ የነበረው የኤም-ሲስተምስ ኩባንያ ምርት ስም ነው። ኩባንያውን ከመሠረቱት አንዱ ዶቭ ሞራን ከዚህ ከሃሊሳ በላይ፣ በተራራው ላይ ባለው በቴክኒዮን ነው የተማረው። በ2000 ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር የምትይዘው። ዛሬ ያቺን በሺህ የሚቆጠር እጥፍ የምትይዝ አንዲት ዲስክ-ኦን-ኪ የአንድን ቤተሰብ ታሪክ በሙሉ ትሸከማለች። የያዘችው ብዙ በመሆኑም የምታጠፋው ብዙ ሆኗል።

«አላውቀውም» እና «ባዶ ነው»

ወገኖቻችን ሆይ፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል ዲስኩ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም። መዝገቡን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው። ግዕዝ የማያነብ ሰው የቄሱን መጽሐፍ ገልጦ አይቶ «ይህ ጽሑፍ አይደለም፣ ወረቀቱን ላጽዳውና ልጠቀምበት» ቢል ማን እሺ ይለዋል?

በአፕል ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ፎርማት ይጠየቃል። በሊኑክስ የተዘጋጀም እንዲሁ፤ ከቴሌቪዥን መቅጃ ሣጥን የወጣ ዲስክም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ግን ሙሉ ለሙሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የሚያነበው ብቻ ነው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወደዚህ አገር ስንገባ የስንቶቻችን ስም፣ ለመጻፍና ለመጥራት አልመች ስላለ፣ ወዲያው በሌላ ስም ተተክቷል። አባቶቻችን ያወጡልን ስም ትርጉም አልነበረውም እንዴ? ነበረው፤ ያላነበበው ሰው ነው ባዶ ያደረገው። በሰው የደረሰውን በዲስክ አንድገመው። ስለዚህ ዲስኩ ዋጋ ያለው ነገር ከነበረበት የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «አይሆንም» ነው።

ፎርማት እምቢ ሲል፦ ከታች ወደ ላይ

አሁን ዲስኩ በእርግጥ የሚጸዳ ነው፣ ውስጡ ያለውም ሌላ ቦታ ተቀድቷል እንበል። ፎርማቱ ግን እምቢ አለ። መምህር ተማሪው ስሌት ሲሳሳት ከመጨረሻው መልስ አይጀምርም፤ ከመጀመሪያው መስመር ነው የሚጀምረው። እኛም ከሽቦው ጀምረን ወደ መዝገቡ እንውጣ።

አንደኛ፣ ሽቦውንና መሰኪያውን እንይ። ከማከፋፈያ ላይ ነቅለን በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ እንሰካው፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ በስተኋላ በኩል። የሚሽከረከር የውጭ ዲስክ በቂ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ፎርማቱን ጀምሮ መሐል ላይ ያቋርጣል። ሌላ ሽቦ፣ ሌላ መሰኪያ፣ ከተቻለም ሌላ ኮምፒዩተር እንሞክር። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው እናቁመው። ያ ድምፅ የመሣሪያው አካል እየተበላሸ መሆኑን ያሳያል፤ ባበራነው ቁጥር የባሰ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ መጠኑን እንይ። በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያውን ከፍተን ዲስኩ ስንት ጊጋባይት ሆኖ እንደሚታይ እናንብብ። ጨርሶ ካልታየ ወይም ዜሮ ካለ ጉዳቱ ከመሣሪያው ነው፤ ፎርማት አያድነውም። የ16 ጊጋባይቷ ዲስክ-ኦን-ኪ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆና ከታየች ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ለመጫን ያገለገለች ናት፤ ወሰኑ ተለውጦ ቀርቷል። ፓርቲሽኖቹን በሙሉ አጥፍቶ አንድ አዲስ መክፈት ይበቃል። የ4 ቴራባይት ዲስክ 2 ብቻ ሆኖ ቢታይ ደግሞ ኤምቢአር የተባለው አሮጌው የወሰን አሠራር ከዚያ በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው፤ ጂፒቲ በተባለው ይከፈላል።

ሦስተኛ፣ «ዲስኩ ከመጻፍ የተከለከለ ነው» ካለ መቆለፊያውን እንፈልግ። በትልቁ የካሜራ ካርድ ጎን ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወደ ታች ከወረደች ካርዱ ይቆለፋል። መቆለፊያ በሌለው ዲስክ-ኦን-ኪ ላይ ይህ ጽሑፍ ከወጣ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። መሣሪያው ስላረጀ ራሱን ዘግቷል ማለት ነው። ይህን እንደ ክፋት አንቁጠረው። አንዳንዶቹ ሲያረጁ መጻፍን ከልክለው ማንበብን ግን ይፈቅዳሉ፤ ይህም «ያለኝን ውሰዱና ተሰናበቱኝ» እንደማለት ነው። ያለውን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ መቅዳትና መሣሪያውን ማሰናበት እንጂ በልዩ ልዩ ፕሮግራም እያስገደዱ እንዲጽፍ ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

አራተኛ፣ ዲስኩን የያዘው ሌላ ነገር እንዳለ እንመርምር። ከውስጡ ፎቶግራፍ ተከፍቶ ከሆነ፣ ጸረ-ቫይረስ እየፈተሸው ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። ሁሉን ዘግቶ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አብርቶ እንደገና መሞከር ነው። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ወጣቶች ኤምኬኤፍኤስ የተባለው ትእዛዝ «መሣሪያው በሥራ ላይ ነው፣ እዚህ አልሠራም» ቢላችሁ በግድ አታስፈጽሙት። በመጀመሪያ በኤልኤስብሎክ ትእዛዝ የዲስኮቹን ስምና መጠን አንብቡ። ኤስዲቢ ብላችሁ መጻፍ ሲገባችሁ ኤስዲኤ ብትሉ የቤቱን ኮምፒዩተር ነው የምታጸዱት። በዊንዶውስም ዲስክፓርት በተባለው ውስጥ ክሊን የሚለው ትእዛዝ እንደዚሁ ነው፤ የዲስኩን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳያነቡ የሚጻፍ አይደለም።

አምስተኛ፣ የመዝገቡን ዓይነት እንምረጥ። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ በፋት 32 ለማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት እምቢ ሲል ኖሯል። ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር በዲቪ ዓይነት የተገለበጠ የአንድ ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ግን 13 ጊጋባይት ያህል ነው። ስለዚህ «ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ፋይሉ አይገባም አለኝ» የሚል ሰው ዲስኩ አልተበላሸበትም፤ መዝገቡ ነው የጠበበው። ዊንዶውስንም አፕልንም ለሚጠቀም ቤተሰብ ኤክስፋት ይስማማል።

እነዚህ አምስቱ ታይተው ፎርማቱ አሁንም መሐል ላይ ከተቋረጠ ዲስኩ የተበላሹ ሣጥኖች አሉበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ በሦስተኛው ሙከራ ቢሳካለት እንኳን የአባት ድምፅ የሚቀመጥበት አይደለም።

ርካሽ ሆኖ ትልቅ የሆነው

ሌላ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። በኢንተርኔት ገበያ በጥቂት ሼቄል 2 ቴራባይት ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ ዲስክ-ኦን-ኪ አለ። ስንሰካው 2 ቴራባይት ብሎ ይታያል። ፎርማቱም ያለ ችግር ያልቃል። ውስጡ ግን የያዘው እውነተኛ መጠን 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ በውሸት የተጻፈ ነው። ፈጣኑ ፎርማት የሚጽፈው መዝገቡን ብቻ ስለሆነ ውሸቱን አይገልጠውም። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

እንግዲህ ያለ ስሕተት የተፈጸመ ፎርማት ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። አዲስ ዲስክ ስንገዛ ኤች2ቴስትደብልዩ በተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3 በተባለው እንፈትነው። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይወስዳል፤ ሌሊት ትቶት ማደር ይቻላል።

በስሕተት «እሺ» ከተባለ

ፎርማት ተደርጎ ቢገኝ ተስፋ አይቆረጥም፤ ነገር ግን እጅ ወዲያው ከዲስኩ ላይ መነሣት አለበት። ፈጣኑ ፎርማት አዲስ መዝገብ ይከፍታል እንጂ ሣጥኖቹን አይጠርግም። በዲስክ-ኦን-ኪና በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ፎቶግራፉና ድምፁ ብዙ ጊዜ በቦታው ነው። ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የተባሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች መዝገቡን ጠግነው ወይም ሣጥን በሣጥን ፈልገው ያወጡታል። የተገኘው ፋይል የሚቀመጠው ግን በሌላ ዲስክ ላይ መሆን አለበት። በዚያው ላይ መልሶ መጻፍ የቀረውን መቅበር ነው።

ሙሉው ፎርማት ሌላ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሸፍነዋል። በኮምፒዩተር ውስጥ በሚገኘው ኤስኤስዲ ላይም ፈጣኑ ፎርማት ራሱ ያለውን እስከ መጨረሻው ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ «ግድ የለም፣ በኋላ ይመለሳል» ብሎ መተማመን አይቻልም።

አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም

የዲስክ ስሕተት የሚያስደነግጠው ያ ዲስክ ብቸኛው ሲሆን ነው። ሦስት ቅጂ ያለው ቤተሰብ ፎርማት እምቢ ቢለው አዲስ ይገዛና ይቀጥላል። በዓለም የታወቀው ደንብ ይህ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ስንል በነታንያ ወይም በአሽዶድ ያለች እህት ዘንድ መሆኑ በቂ ነው። እኛ የሃይፋ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም። በ2006 በጦርነቱ ጊዜ ሮኬት ሲወርድ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ሄዷል። በኖቬምበር 2016 እሳት በተነሣ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማው ሕዝብ ከቤቱ እንዲወጣ ተደርጓል። በዚያ ሰዓት መሳቢያ የሚፈትሽ የለም።

ዲስክ-ኦን-ኪ ለመሸከሚያ እንጂ ለዘለቄታ ማኖሪያ አለመሆኗም ይታወቅ። ለዓመታት ሳትሰካ ብትቀመጥ የያዘችው ሊደክም ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከሲግድ በፊት አንድ ምሽት መድበን ዲስኮቻችንን እንክፈት፤ ፎቶግራፉ ይከፈታል ወይ፣ ድምፁ ይሰማል ወይ ብለን እንፈትሽ። የእያንዳንዱንም ፋይል ስም በአማርኛ እንጻፍ፦ የሚናገሩት ማን ናቸው፣ የየት አገር ሰው ናቸው፣ አምቦበር ነው፣ ወለቃ ነው፣ ሰሜን ነው፣ በስንት ዓመት ተቀዳ።

የሚወስነው ማን ነው?

በመጨረሻ ለወላጆች የምንለው አለ። በብዙ ቤት ዲስኩ የወላጅ፣ ኮምፒዩተሩ የልጅ ሆኗል። ልጆቻችን ጎበዞች ናቸው፤ እጃቸው ፈጣን ነው። እናት ግን ዕብራይስጡ ስላልሞላላት፣ የኮምፒዩተርም ትምህርት ስላልነበራት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ዲስኩን ሰጥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጁ ደግሞ በውስጡ ያለው የማን ድምፅ እንደሆነ አያውቅም። አማርኛውም አይገባው ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም አንዳች ክፋት ሳያስቡ የአያት ድምፅ ይጠፋል።

እናቶችና አባቶች፣ መጫን ባታውቁም መጠየቅ ታውቃላችሁ። ልጁ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ውስጡ ምን ነበር? ሌላ ቦታ ተቀድቷል? ቅጂውን ከፍተህ አሰማኸኝ? ሦስቱም ካልተመለሱ አይነካ። ይህን ለማለት የኮምፒዩተር ዲፕሎማ አያስፈልግም። የሚጠፋውና የሚቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የሚወስነውም ቤተሰብ ነው፣ ማሽኑ አይደለም።

እናንተም ወጣቶች፣ ቅጂውን ስትሠሩ ብቻችሁን ክፍል ዘግታችሁ አትሥሩት። እናታችሁን ወይም አያታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ድምፁ ሲከፈት «ይህ እገሌ ነው፣ ይህ የተነገረው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው» ይሏችኋል። ያን ጊዜ እናንተ የዲስኩን መዝገብ ታስተካክላላችሁ፣ እነርሱ ደግሞ የታሪኩን መዝገብ ይሞሉላችኋል። በሃሊሳ አረቡም፣ ከሩስያ የመጣውም፣ እኛም በአንድ ደረጃ ወጥተን የምንገባ ጎረቤቶች ነን። የጎረቤት ልጅ ከእኛ የተሻለ ካወቀ ደግሞ እሱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መሳቢያውን ክፈቱ። ያገኛችሁትን ዲስክ ሁሉ በየተራ አውጡና በየላዩ ላይ ምን እንዳለበት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ያልታወቀውንም «ያልታወቀ፣ እንዳይጠፋ» ብላችሁ ጻፉበት። ቅጂው ከዚያ ይጀመራል።

 እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትን ያቆይልን። ሻሎም።